ልዋጭ

ወዳጄ ቤት ቡፌው ላይ ሲኒ የለም። ሲኒዎቹ ከነረከቦታቸው ወደ ማድ ቤት ከተሰደዱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በቦታቸው፣ ከመስተዋቱ ኋላ፣ ቀይ ከፋይ ላይ አንድ ስባሪ ሲሚንቶ ተቀምጧል። ግማሽ አምባሻ ያህላል። በአንድ ጎኑ የዛገ ፌሮ እንደ ብቸኛ ጥርስ ብቅ ብሏል፤ በሌላው ጎኑ ድሮ ቀለም ነበር ቢባል የሚታመን ነገር ተላልጦ ቀርቷል። እንግዳ ሲመጣ ወዳጄ መስተዋቱን ይከፍታል፣ በቀለም ብሩሽ አቧራውን በስሱ ያራግፋል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ካታንጋ ነው» ይላል።

የአዲስ አበባ ስታዲየምን ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለሚያውቅ ግን ካታንጋ አገር ነው። ጥላ ፎቅ ከፈል ያደረገ ሰው ይቀመጥበታል፤ ከማን አንሼ ስሙ ራሱ ሁሉን ይናገራል፤ ሚስማር ተራም የራሱ ሕዝብ አለው። ካታንጋ ግን ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት፣ ዳኛውን ከነዘር ማንዘሩ እየሰደበ፣ ጎል ሲገባ የማያውቀውን ሰው አንገት አንቆ የሚስም ሕዝብ መቀመጫ ነበር። ስታዲየሙ ለእድሳት ሲነካካ ወዳጄ አጥሩ ሥር ሁለት ቀን ቆሞ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንድ የቀን ሠራተኛ ለምሳ የሚሆን ብር ተቀብሎ ይህችን ስባሪ አወጣለት። ወዳጄ በጃኬቱ ሸፍኖ፣ የተሰረቀ ጽላት የያዘ ይመስል ግራ ቀኙን እያየ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። አንድ ቀን ቡና እያፈላች እንዲህ አለችኝ፦ «ስንጋባ እኔ ሲኒ ይዤ መጣሁ። እሱ ቤት እሠራለሁ ሲል ዐሥራ አምስት ዓመት ሞላው። ይኸው ጀመረ፤ አንድ ድንጋይ ብሏል።»

ወዳጄ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ማኅበርተኞች አሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ማኪያቶ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም ፌስታል ይዘው ነው የሚመጡት። ፌስታሉ ውስጥ ያረጀ ማሊያ፣ ጥርሱ የረገፈ ታኬታ፣ የስታዲየም ቲኬት ጉራጅ፣ ዓርማው የተፋቀ ዋንጫ አይጠፋም። ራሳቸውን አንቲካ ሰብሳቢ ነው የሚሉት። እኔም በጓደኝነት ሰበብ ሁለት ሦስቴ አብሬ ተቀምጫለሁ፤ ከዕቃው ይልቅ የገረመኝ ወሬው ነው። ማሊያ በታጠበ ቁጥር ይነጣል፤ ወሬው ግን በተወራ ቁጥር ይደምቃል።

አንዱ ፊሽካ አለው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ፊሽካው የቀበሌ ጨዋታ ይመራ የነበረ አንድ መምህር ንብረት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንገናኝ የአንደኛ ዲቪዚዮን ዳኛ ነበር የሚነፋው። ክረምቱ ሳይወጣ ኢንተርናሽናል ሆነ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ በፍጥነት ደረጃ ያደገ ሠራተኛ አላየሁም፤ ያውም ሳይነፋ።

የማሊያው ደግሞ ይብሳል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ረትታ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈችበትን ቀን የማያስታውስ የለም። በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጭ ባገባነው ብልጫ አለፍን። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ፣ ከተማው አበደ። እንግዲህ ሳላዲን የዚያን ቀን የለበሰው ማሊያ በእጃቸው እንዳለ የነገሩኝን ብቻ ብቆጥር አራት ደርሰዋል። አንደኛው እኔን ከነጃኬቴ ይውጠኛል፤ ሌላው ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው የሚሆነው። አራቱም እውነት ከሆኑ ሰውየው ያቺን ጎል ያገባት እንደ ቁር ጊዜ እረኛ ደራርቦ ነው ማለት ነው።

እነሱ ግን አይተፋፈሩም። እርስ በርስ አይካካዱም፤ ይህ ነው የደነቀኝ። አንተ የእኔን ሳላዲን ካመንክልኝ እኔም የአንተን ፊሽካ አምንልሃለሁ፤ እንደ ዕቁብ ነው፤ ተራው ለሁሉም ይደርሳል።

ከእነሱ የተሻልኩ መስዬ እንዳልታይ የራሴን ጉድ ላውጣ። እኔም አንድ ማሊያ ነበረኝ። የአጎቴ ነው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ይጫወት ነበር። ማሊያው ቀይ ነበር ይባላል፤ እኔ ሳውቀው ፀሐይ ላይ የሰነበተ በርበሬ መስሏል። ከጀርባው 9 ቁጥር አለበት፤ ቁጥሩ ከነጭ አቡጀዲ ተቆርጦ በእጅ የተሰፋ ነው፤ የሰፋችው አክስቴ ስለነበረች የዘጠኙ ጭራ እንደ ጥልፍ ዞር ብሎ ያልቃል። አጎቴ በዚያ ማሊያ ስላገባቸው ጎሎች ሲያወራ በረኛው እስከ ዛሬ ኳሷን እየፈለገ ነው። እኔም ማሊያውን አጥፌ፣ የብል መድኃኒት አድርጌበት፣ እናቴ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አየሁት አላየሁት ሳይታወቅ ሰባት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ልዋጭ በሰፈሩ አለፈ። ልዋጭ ማለት፣ ሰፈሩ ኮንዶሚኒየም ለሆነበት ልጅ ለማስረዳት ያህል፣ ጠዋት ጠዋት ሳፋና ጆግ ተሸክሞ «ልዋጭ! ያረጀ ልብስ፣ ያረጀ ጫማ!» እያለ የሚዞር ነጋዴ ነው። ብር የለም፤ ያረጀህን ትሰጣለህ፣ አዲስ ፕላስቲክ ትወስዳለህ። እናቴ አንድ የአባቴን ሱሪ፣ ሁለት ሹራብና የአጎቴን 9 ቁጥር ሰጥታ አንድ አረንጓዴ ሳፋ ተቀበለች። መጀመሪያ ልጁ ትንሽ ሳፋ ነበር የሰጣት፤ ማሊያውን የጨመረችው ትልቁን ለማግኘት ነው። ስነግራት የመለሰችልኝ አጭር ነው፦

«አንተ ልጅ፣ ልትለብሰው ነበር?»

ልለብሰው አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ አንድ ሳምንት ያህል አኮረፍኩና ረሳሁት። ስህተቴ ለወዳጄ መንገሬ ነው። የሞት መርዶ የሰማ ይመስል ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ዝም ብሎ ቆየና፣ «የማራዶና ማሊያ ስንት እንደተሸጠ ታውቃለህ?» አለኝ። ይቺን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰብሳቢ የለም። ሚስቱን ዝም የሚያሰኝባት፣ ልጆቹን የሚያጽናናባት ጥያቄ ናት፤ ላም አለኝ በሰማይ እንደማለት።

አውቃለሁ። ከ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ፤ ወደ 9.3 ሚሊዮን ዶላር ግድም። ሶዝቢስ የሚባለው ታዋቂ አጫራች ነው የሸጠው፤ በፈረንጆቹ ሜይ 2022። ታሪኩን ግን ወዳጄ እንደሚያወራው ሳይሆን እንደ ሆነው ከተመለከትነው፣ ከእናቴ ሳፋ ብዙም የራቀ አይደለም።

ሰኔ 15 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1986፣ ሜክሲኮ ሲቲ፣ አዝቴካ ስታዲየም። የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ነው፤ አርጀንቲና ከእንግሊዝ። እንግሊዛዊው ስቲቭ ሆጅ ኳሷን ላወጣ ብሎ ሳታት፤ ወደ ላይ ተነስታ ወደ ራሱ በረኛ ሄደች። ፒተር ሺልተን ሊቦክሳት ወጣ። በቁመት ከበረኛው በጣም የሚያጥረው ማራዶና አብሮ ዘለለና በእጁ መታት። ቱኒዚያዊው ዳኛ አሊ ቢን ናስር የመስመር ዳኛውን አየ፤ ቡልጋሪያዊው የመስመር ዳኛ ቦግዳን ዶቼቭ ባንዲራውን አላነሳም፤ ጎል ተባለ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ያው ሰው እንግሊዞቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ሄዶ የክፍለ ዘመኑ የተባለችውን ሁለተኛዋን ጎል አገባ። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። ያ ኳሷን የሳታት ሆጅ ወደ መልበሻ ክፍል መተላለፊያው ላይ ማራዶናን አገኘውና ማሊያ ተለዋወጡ።

ልዋጭ ማለት ይህ ነው። አንዱ የአርጀንቲናውን ወሰደ፤ ሌላው የእንግሊዙን። ስለ እንግሊዙ ማሊያ ሲወራ እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም፤ ማን ያውቃል፣ የማራዶናም እናት ሳፋ አስፈልጓቸው ይሆናል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ኳሷን የሳታት ሰው ማሊያውን ለዓመታት ለእንግሊዙ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም አውሶ ቆይቶ ሚሊዮኖች አፈሰበት፤ ባለ ማራዶና ማሊያ መሆኑንም ርዕስ አድርጎ መጽሐፍ ጽፏል። ዳኛውስ? ዳኛው ጨዋታው ሲያልቅ ኳሷን ይዞ ሄዶ ነበር፤ በ2022 ኖቬምበር ለጨረታ አቀረባትና በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠች። በእጅ መመታቷን ያላየላትን ኳስ፣ በእጅ የተመታችው ኳስ ናት ብሎ ሸጠ። ባንዲራውን ያላነሳው የመስመር ዳኛ የተረፈው ወቀሳ ነው። ምንም ያላጠፋው ሺልተን ደግሞ እስከ ዛሬ እንደተቀየመ አለ። ከዚህ ተነስቼ ለልጄ ምን ብዬ እንደምመክረው አላውቅም።

የምወደው ግን ስለ ጨርቁ የሚነገረውን ነው። በዚያ ጨዋታ አርጀንቲናዎች ሁለተኛውን፣ ሰማያዊውን ማሊያቸውን መልበስ ነበረባቸው። የነበራቸው ወፍራም ጥጥ ነው፤ ላብ ሲጠጣ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል፤ ጨዋታው ደግሞ ቀትር ላይ። አሠልጣኙ ካርሎስ ቢላርዶ ቀለል ያለ ፈልጉ አለ። ሰው ተልኮ የሜክሲኮ ሲቲን ሱቆች ሲዞር ዋለ፤ ይዞ የመጣውን ማራዶና አይቶ ወደደው፤ ተገዛ። የፌዴሬሽኑ ዓርማ በጥድፊያ ተሰፋበት። ከጀርባው የተለጠፈው ብርማ ቁጥር ለአሜሪካኖቹ እግር ኳስ የሚሆን አብረቅራቂ ነበር። እንግዲህ የሰው ልጅ ለኳስ ማሊያ እስከዚያ ቀን ከከፈለው ዋጋ ሁሉ የሚበልጠው የተከፈለው፣ ጨዋታው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከሱቅ ለተገዛ፣ በችኮላ ለተሰፋ ጨርቅ ነው። የአጎቴ 9 ቁጥር በአክስቴ እጅ በስንት ጥንቃቄ ነው የተሰፋው!

ጨረታው ሲታወጅ ደግሞ የማራዶና ልጅ ዳልማ ተነሳች። አባቴ ለእንግሊዛዊው የሰጠው ከእረፍት በፊት የለበሰውን ነው፤ ጎሎቹን ያገባበት ሌላ ነው አለች። አጫራቾቹ ፎቶግራፎቹን ከጨርቁ ጋር ክር በክር አስተያይተናል፣ ያው ራሱ ነው አሉ። ክርክሩን ልብ በሉልኝ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሱቅ፤ ከእረፍት በፊት ያላበው ጨርቅ አለ፣ ከእረፍት በኋላ ያላበው ጨርቅ አለ። በመካከላቸው ያለው ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሚሊዮኖች ያወጣል።

አሜሪካኖቹ በዚህ ከሁሉም ይብሳሉ። በፈረንጆቹ 1932 ቤብ ሩት የሚባለው የቤዝቦል ጀግና ቺካጎ ላይ ዱላውን ከማንሳቱ በፊት በእጁ ወደ ሜዳው ማዶ ጠቁሞ፣ ኳሷን ልክ ወደዚያ መታት ይባላል። ጠቆመ የሚሉ አሉ፤ አይ፣ የተቃራኒን ቡድን እየተሳደበ ነበር የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ ዘጠና ዓመት አልፎታል። በዚያ ቀን የለበሰው ማሊያ በ2024 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። ጠቁሞ ይሁን እጁን አሳክኮት ይሁን ሳይታወቅ! የሲጋራ ፓኬት ውስጥ ተጨምራ ትወጣ የነበረች የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ምስል ያለባት ካርድ ደግሞ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። እኛ ልጅ ሆነን ቆርኪ ስንሰበስብ ዱላ ያስገባን ነበር።

ገንዘቡ እንዲህ ሲሆን አስመሳዩ መምጣቱ አይቀርም። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ ባካሄደው «ቡልፔን» የተባለ ዘመቻ የሐሰት ፊርማ እያተሙ የሚቸበችቡ ቡድኖችን ሲለቅም ካገኛቸው ዕቃዎች አንዱ፣ ማዘር ትሬዛ የፈረመችባት የቤዝቦል ኳስ ናት። እውነቴን ነው። ያቺ የካልካታ መነኩሴ፣ ለምጻም ስታጥብ ውላ፣ ማታ ቁጭ ብላ ኳስ ስትፈርም። አስመሳዩን አልፈርድበትም፤ ፈላጊ ባይኖር አይፈርምም ነበር። እኔ ማወቅ የምፈልገው ያቺን ኳስ እጁ ላይ እያገላበጠ «ግን እውነት የእሷ ፊርማ ነው?» ብሎ የጠየቀውን ሰው ነው።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው ሳቀ ብዬ ነበር። ለካ ሐሳብ ገብቶታል። በማግስቱ ደወለልኝ፦ «ሲሚንቶው ማስረጃ ያስፈልገዋል።» ሰርተፊኬት እንዲሰጠው የጠየቀው ቢሮ ሁሉ ሳቀበት። ክብ ማኅተም የሌለው ነገር በአገራችን እንዳልተወለደ የሚቆጠር ስለሆነ አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ሦስት የሰፈር ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ምሳ ጋብዞ፣ እንዲህ የምትል ወረቀት አስፈረመ፦ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተገለጸው፣ ይህ ድንጋይ የካታንጋ መሆኑን በመልኩ እናውቃለን።» ከሦስቱ አንደኛው ስታዲየም ገብተው አያውቁም፤ ድሮም የቡና ቤት ሬዲዮ ደጋፊ ነበሩ። ወረቀቷ በላስቲክ ተጠቅልላ ከሲሚንቶው አጠገብ ተቀምጣለች። ቡፌውም ቁልፍ ተገዛለት።

ቁልፉን ሳይ ስለ ዡል ሪሜ ዋንጫ ነገርኩት። የዓለም ዋንጫው ድሮ ያ ነበር፤ ብራዚል በፈረንጆቹ 1970 ለሦስተኛ ጊዜ ስትወስደው ለዘለዓለም የራስሽ ነው ተባለች። እነሱም ሪዮ በሚገኘው የፌዴሬሽናቸው ጽሕፈት ቤት፣ ፊት ለፊቱ ጥይት የማይበሳው መስተዋት የሆነ ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። በ1983 ሌቦች መጡ። መስተዋቱን ማን ይነካዋል፤ ከኋላ በኩል ያለው እንጨት ነበር፣ ፈልቅቀው ይዘው ሄዱ። እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ቀስ ብሎ ተነሳና ቡፌውን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ ኋላውን አየ። ኮምፔንሳቶ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደው ሚስቱ ነግራኛለች።

ወደ ገበያ አብሬው የሄድኩት አንዴ ብቻ ነው፤ ያቺ አንዴ ግን በቂ ናት። አንድ ዕቃ የሚሸጥ ወጣት አለ ተብሎ መርካቶ ወረድን። ልጁ ከሸራው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አንድ ጥንድ ነጭ የሸራ ጫማ፤ ብጫ ብሏል እንጂ ሶሉ አልተበላም። ክሩ ሳይቀር አዲስ ነው።

«ጋሼ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የሮጠበት ጫማ ነው» አለ።

ወዳጄን አየሁት። እሱም አየኝ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ 11 ቁጥር ለጥፎ በሮም ጥርብ ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እስካሁን አልገጠመኝም። ጫማ ሰጪዎቹ ያቀረቡለት እግሩን ስላልተመቸው ትቶት፣ እንደለመደው ባዶውን ወጣ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ገባ። ማምለጥ የጀመረው ደግሞ የአክሱም ሐውልት የቆመበት አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለ ሰብሳቢ ካነሳን አይቀር የሰብሳቢ ሁሉ አለቃ እዚያ ጋ ነው ያለው፦ ሙሶሊኒ 24 ሜትር ርዝመት፣ 160 ቶን ክብደት ያለው ድንጋይ ከሰው አገር አንስቶ ሮም አደባባይ ላይ አስቀመጠ። የወዳጄ ሚስት ይህን ብታውቅ ለግማሽ አምባሻዋ ሲሚንቶ ምሕረት ታደርግ ነበር። ሐውልቱን የመለሱልን በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ሦስት ቦታ ተቆርጦ።

እናም ለልጁ በትሕትና፣ «የእኔ ወንድም፣ አበበ ሮም ላይ የሮጠው በባዶ እግሩ ነው» አልኩት።

ልጁ ዓይኑን አላሸም። «እሱማ ትክክል ነህ ጋሼ። አውልቆት ነዋ የሮጠው። ያወለቀው ይሄው ነው። ባይሆን ኖሮ እንዲህ አዲስ ይሆን ነበር?»

ዝም አልኩ። ምን ይባላል? ክርክሩ ቀዳዳ የለውም። ወዳጄ ደግሞ ጫማውን ተቀብሎ ሶሉን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ «አየህ፣ አመክንዮ አለው» አለኝ። በክንዱ ይዤ አወጣሁት። እስከ ታክሲ ተራ ድረስ አላናገረኝም።

መንገድ ላይ ላጽናናው ብዬ ሌላ ነገር ነገርኩት፤ አባባስኩበት። በፈረንጆቹ 2010 ቪብራም የሚባል የፈረንጅ ድርጅት ጣት በጣት የተለየ፣ የእግር ጓንት የሚመስል ጫማ ሠርቶ «ቢኪላ» ብሎ ሰየመው። በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል ነው የሚሉት። ቤተሰቡ ስማችን ያለ ፈቃድ ተወሰደ ብሎ በ2015 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ባዶ እግርን ጫማ አድርገው ሸጡት ማለት ነው። አበበ ራሱ በፈረንጆቹ 1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ገብቶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። የዚያን ቀን ጫማ ቢሆን የሚፈልገው፣ አንድ ነገር ነው። የወዳጄ ልብ ግን ያልተደረገችው ጫማ ጋ ቀረች።

«እሱ ልጅ ግን ሊዋሽ አይችልም?» አለኝ ከአራት ኪሎ ስናልፍ።

«ሊዋሽ ይችላል» አልኩት።

«ላይዋሽስ ይችላል?»

ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። ሰበቡ ምሳ ነው፤ እውነቱ ግን የአጎቴ ማሊያ ነገር አልወጣለትም። እናቴ ጓሮ ልብስ ታጥብ ነበር። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ወዳጄ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ያ ማሊያ ግን እንዴት ሰጡት? የታሪክ ዕቃ ነበር እኮ» አላት።

እናቴ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ቀና አለች። «የምን ታሪክ? የወንድሜን ነው የምትለው? እሱ መቼ ተሰልፎ ያውቅና! ተቀያሪ ነበር። አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው የፈጀው። ለዚያ እኮ ነው ማሊያው ያልተበላው። የተጫወቱት ልጆች ማሊያ በዓመቱ አለቀ።»

በረኛው፣ ኳሷን እየፈለገ የኖረው ምስኪን፣ በዚያች ደቂቃ አረፈ። የልጅነት ጀግናዬ ከነ9 ቁጥሩ ሲወርድ ታየኝ። ወዳጄን ሳየው ግን ፊቱ እንደ መርካቶው ቀን በርቷል። ያልተለበሰ። ያልተበላ። ክሩ እንኳን አዲስ።

ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። ሳፋው አረንጓዴ ነው። አንድ ጆሮው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ ሥሩ ከሲሚንቶ ጋር ሲፋተግ ነጥቷል፤ ጠርዙ ላይ የከሰል ምድጃ ያቀለጣት ጥርስ የምታህል ጎድጓዳ አለች።

«እማማ» አለ፣ ድምፁን እንደ ካታንጋው ዝቅ አድርጎ፤ «ሳፋው ያ ሳፋ ነው?»

«የቱ ሳፋ?»

«በማሊያው የተለወጠው።»

«አዎ፣ እሱ ነው። ምነው?»

ወዳጄ ወደ እኔ ዞረ። ሳይናገር ገባኝ፤ ቡፌው ውስጥ ቦታ እየለካ ነው፤ ሽማግሌዎቹንም እየቆጠረ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ የአጎቴ ጎረቤት ነበሩ። «እማማ» አለ እንደገና፤ «ይሽጡልኝ።»

እናቴ እሱን አየች፣ ሳፋውን አየች፣ እኔን አየች። ጤናውን እንድነግራት የፈለገች ይመስላል። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች።

«ብር አልፈልግም» አለችው። «ከዚህ የሚበልጥ ሳፋ፣ ክዳን ያለው፣ ካመጣህልኝ ግን ውሰደው። ጆግ ደግሞ ታክልበታለህ።»